የሜቶዲ ስንጥቅ

ለታሪክ ይመዝገብ፦ በዚያ የየካቲት እሑድ ጠዋት፣ በሎም ከተማ ንባብ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ማሞቂያ ሠርቷል።

ማንም አላጨበጨበም። የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ኮታቸውን አወለቁ፤ ብርዱ ከገባ ወዲህ ያላዩትን አንዱ የሌላውን ሹራብ አዩ፤ ተቀመጡ። በዳኑብ ወንዝ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው የወደቡ ክሬን ብቻ ነው። እሱም ቆሟል እንጂ አይሠራም።

ማኅበር ሲባል ሦስት ሰው ነው። ድሮ ወንበር አይበቃም ነበር። ከዚያ ገሚሱ ሞተ፤ ገሚሱ ልጆቹን ተከትሎ ስፔን ገባ። የቀሩት ግን እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ይባላል፤ ስብሰባው ይከፈታል።

ሊቀመንበሩ ስፓስ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ዶክተር ሚኖ የጥርስ ሐኪም ነው። ጽቬታን ያንን የቆመ ክሬን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ቅዳሜ ገበያ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሸጠ ማለት ግን ይከብዳል።

በዚያ ጠዋት አራተኛ ሰው ነበረች። ስላቭካ፣ የሟቹ የሜቶዲ ሚስት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሐኪም ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። የመጣችው የባሏ ሳንቲም ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶፊያ ሲላክ በዓይኗ ለማየት ነው።

ነገሩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። ሳንቲም የሚመታው በማኅተም ነው። ማኅተም ብረት ነው፤ ሲመታ ሲመታ ይደክማል። ፊደሉ ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ማኅተሙ ላይ የተሰነጠቀው፣ ሳንቲሙ ላይ እንደ ቀጭን ክር ከፍ ብሎ ይወጣል። ስንጥቁ እያደር ያድጋል፤ ቀድመው በተመቱት ላይ አጭር ነው፣ ዘግይተው በተመቱት ላይ ረጅም። ከዚያ ማኅተሙ ይጣላል። ለዚህ ሲባል ሰው ዕድሜውን ይፈጃል።

ሜቶዲ ፈጅቷል። ያገኘውም የ1912 ባለ ሁለት ስቶቲንካ ነው፣ የአገሩ ተራ ሽርፍራፊ፤ በአንዱ ፊት አንበሳ፣ በሌላው የቅጠል ጉንጉን ያለበት፣ አሮጊቶች የልብስ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ የሚጥሉት ዓይነት። ከታችኛው ቅጠል ተነስቶ ጠርዙ ድረስ የሚሄድ ክር አለበት። በዓለም ላይ ሌላ የለም ተባለ። ሜቶዲ ፎቶውን አሳድጎ እዚሁ የማኅበሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ሰው ሞተ፣ ፎቶው አለ።

ሶፊያ ያሉት አዋቂዎች አዲስ መጽሐፍ ሊያትሙ ነው፤ የሳንቲም ማኅተም ዓይነቶች ሁሉ በየስማቸው የሚሰፍሩበት። ጠርዝ ያልደረሰ ስንጥቅ አይቀበሉም፤ እንደዚያ ያለው ሞልቷል ይላሉ። የሜቶዲ ግን ይደርሳል። ሳንቲሙ በዛሬው አውቶቡስ ከሄደ፣ "የሜቶዲ ስንጥቅ" የሚል አንድ መስመር ይታተማል። ካልሄደ መጽሐፉ ነገ ይዘጋል።

"ትዳራችንን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የተቀመጠው" ብላ ነበር ስላቭካ ስትገባ። "ቢያንስ ምን ሲያይ እንደነበር ይጻፍልኝ።"

ስፓስ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። መሐሉ በቀጭን ላስቲክ የተሸፈነ መስኮት ያለውን፣ ዙሪያው በስቴፕለር ሽቦ የተያዘውን ትንሽ ካርቶን አወጣ። መነጽሩን አደረገ። ሳንቲሙን አየ። ግድግዳውን አየ። ደግሞ ሳንቲሙን አየ።

"ምን ሆነሃል? አየር አጠረህ እንዴ?" አለ ጽቬታን፤ አንገቱን አስግጎ እሱም አየ። "እንዴ! ይሄ የሜቶዲ አይደለም!"

ሚስትየዋ አጠገቡ መቀመጧን ረስቶ ነበር።

በካርቶኑ ውስጥ ባለው ሳንቲም ላይ ክሩ ከቅጠሉ ይነሳል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠፋል። ስንጥቅ ያድጋል እንጂ አያጥርም።

"እንነጋገርበት" አለ ስፓስ። "እንደ ማኅበር።"

ስላቭካ ስልኳን አውጥታ ፖሊስ ዘንድ እየደወለች ነበር።

*

ኢንስፔክተር ዶብሪንካ ላሎቫ ደረጃውን የወጣችው ጉንጯን ይዛ ነው። መንጋጋ ጥርሷ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛትም። በሎም እሑድ ጠዋት ለፖሊስ የሚደወለው ወይ ለሰካራም ወይ ለጎረቤት ዶሮ ነው። ሳንቲም የመጀመሪያዋ ነው።

"የጠፋው አንድ ባለ ሁለት ስቶቲንካ" አለች።

"አዎ" አለ ስፓስ።

"በቦታው የተገኘውስ?"

"አንድ ባለ ሁለት ስቶቲንካ።"

ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች። ቆሞ የሚሰማ ነገር እንዳልሆነ ገባት።

"ማን ነው የሚነካው?"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ሽኝት አድርገንለታል። ሦስታችንም በየተራ ይዘነው አየነው።"

"ሳንቲም ትሸኛላችሁ?"

"ምን እናድርግ፣ የሚሸኝ ሰው አለቀብንና" አለ ጽቬታን።

ከጎን ያለው የሕፃናት ማንበቢያ ክፍል ብቻ ነበር ባዶ። ዶብሪንካ እዚያ ገብታ በሩን ዘጋች። ወንበሮቹ የሕፃን ናቸው። ተጠርጣሪዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አጥፈው፣ ከጀርባቸው የካርቶን ቀበሮና ጃርት ተለጥፎ፣ ቃላቸውን ሰጡ።

መጀመሪያ ስፓስ።

"ይሄ ምንድን ነው?" ካርቶኑን አቀበለችው።

"ማኅተሙ ያው የሜቶዲ ማኅተም ነው። ቅጠሉን እዩት፣ አንድ ነው። ግን ቀደም ብሎ የተመታ ነው። ያኔ ማኅተሙ ገና ብርቱ ነበር።"

"እንግዲህ በዓለም ላይ አንድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።"

ስፓስ ጃኬቱን አስተካከለ። "እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ብቻ ነበር።"

"እሺ። ሌባው ለምን ባዶውን አልተወውም? ወይ ለምን ማንኛውንም ባለ ሁለት አልከተተም? ገበያ ላይ በእፍኝ ነው የሚሰጡት።"

የስፓስ ጆሮ ቀላ። "በዚያ ካርቶን ውስጥ? ስሙ ተጽፎበት እያለ? የሌላ ማኅተም ሳንቲም?"

"ሌባ እኮ ነው፣ ጋሽ ስፓስ።"

"ሌባስ ቢሆን!"

ዶብሪንካ ጉንጯን ያዘች። ሥራዋ በግማሽ አለቀላት። የውጭ ሌባ እንዲህ አይጨነቅም። የሰረቀው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ደግሞም የዚያው ማኅተም ሌላ ሳንቲም ቤቱ የነበረው ሰው ነው።

ቀጥሎ ጽቬታን። ገብቶ ወንበሩን አየ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።"

"ማን አለ? ስፓስ? እሱ ምን ያውቃል፣ አትላስ ውስጥ ነው ያደገው።"

"ተጣልታችኋል ወይስ አልተጣላችሁም?"

"ተኮራረፍን። መጣላት ሌላ ነው።"

"በምን?"

"ፊደል ወፍሮ ነበር፣ አንድ ባለ አምስት ላይ። እኔ ማኅተሙ ደክሞ ነው አልኩት። የለም፣ ኪስ በልቶት ነው አለኝ። እዪ እንጂ የኔ ልጅ፦ ኪስ የሚበላው ጉብ ጉብ ያለውን ነው፣ የአንበሳውን ራስ፣ ደረቱን። ማኅተም ሲደክም ግን ከጠርዙ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ፊደሉ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሕፃን ያውቀዋል። እሱ እምቢ አለ። ስንት ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን 'ጨው አቀብለኝ' እንኳ በስፓስ በኩል ነበር።"

"ለዚህ?"

"ለዚህ ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ካርቶኑን አሳየችው። ጽቬታን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፤ አጋደመው፤ ብርሃኑን አስሮጠበት።

"ይሄ ኪስም አልበላው፣ ማኅተሙም ያን ያህል አልደከመ። የአንበሳው ጥፍር ይቆጠራል። አንዷ አክስት መሐረብ ውስጥ ቋጥራ ያስቀመጠችው ነው።" ካርቶኑን መለሰላት። ከዚያ ያለ ጥያቄ "የኔ አይደለም" አለ።

ሦስተኛ ዶክተር ሚኖ። ገና ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ ጉንጯን አየ።

"አብጧል እኮ። ሐሙስ ዕለት ይነቀል ስልሽ እምቢ አልሽ።"

"ዶክተር፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ይሄ ምንድን ነው?"

ሚኖ ብዙም አላየውም። "የሜቶዲ ሳንቲም ነዋ። ስፓስ ዓይኑ ደክሟል፣ ጽቬታን ደግሞ መጮህ ይወዳል። የክሩ ጫፍ ተፍቆ ነው።"

"በምን?"

"በንክኪ። ኪስ በልቶታል።"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ?"

"እጅም ይበላል" አለ ሚኖ። ዞሮ ከጀርባው ያለችውን ቀበሮ ያይ ነበር።

ዶብሪንካ ዝም አለች። ጥርሷ ግን ዝም አላላትም፤ በየልብ ምቷ ይመታል።

"ዶክተር፣ አፌን ሲያዩ 'ይሄኛው ተቦርቡሮ ነው፣ ያኛው በማፋጨት ያለቀ ነው' ብለው ከበር ሆነው ይነግሩኛል። ሁለቱ ጓደኞችዎ ከማኅበሩ ሁሉ የሚበልጥ ዓይን ያለው ሚኖ ነው ይላሉ። ከሦስታችሁ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት?"

"ሰው ይሳሳታል።"

"ይሳሳታል" አለች፤ ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችውም። "ይውጡ።"

ሰው ሆን ብሎ ሲሳሳት ምክንያት አለው። ምክንያት ግን ማስረጃ አይደለም። ካርቶኑን ገለበጠችው። የስቴፕለሩ ሽቦዎች ጀርባ ተደፍጥጦ፣ ከካርቶኑ ጋር እኩል ሆኖ ተኝቷል። በሩን ከፍታ ወጣች።

"ይህን ሽቦ ለምንድን ነው የምትደፈጥጡት?"

ሦስቱም ባንድ ድምፅ "ጎረቤቱን ሳንቲም እንዳይጭር" አሉ። ጸሎት የሚመልሱ ይመስሉ ነበር።

"በምን?"

"እኔ በመዶሻ ነው" አለ ስፓስ። "በላዩ ጨርቅ አድርጌ።"

"እኔ በጥርሴ" አለ ጽቬታን። "ለዚህ ነው ከሚኖ ደጅ የማልጠፋው።"

ሚኖ ምንም አላለም።

ዶብሪንካ ከጽቬታን አጉሊ መነጽር ተቀብላ ሽቦዎቹን አየች። በእያንዳንዱ ላይ የተጠላለፉ ጥቃቅን መስመሮች ታትመዋል፤ እንደ ወንፊት። እንዲህ ያለ አፍ ያለው ጉጠት አንድ ብቻ ታውቃለች። ሐሙስ ዕለት ወደ ፊቷ እየተጠጋ ሲመጣ በደንብ አይታዋለች።

"ዶክተር" አለች "ያመጡታል ወይስ ቤትዎ ልሂድ?"

*

ዶክተር ሚኖ የሹራቡን አንገት ለቀቅ አደረገ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ የጥርስ ጥጥ አወጣ፤ ፈታው። ሳንቲሟን በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ አኖራት። ክሩ ከቅጠሉ ተነስቶ ጠርዙ ድረስ ሄዷል። ግድግዳው ላይ እንዳለው።

"አንተ!" አለ ስፓስ። "አንተ የተከበርክ ሰው!"

"ለምን?" አለች ስላቭካ። የጠየቀችው ቀስ ብላ ነው። "ቤቴ በልተህ ጠጥተህ። ሬሳውን ተሸክመህ። ስሙን እንዳይጻፍ ለምን?"

"ስላቭካ፣ ተይው፤ ሰረቀ በይና ይለቅ። ይህቺም ልጅ ትውሰደኝ።"

"አልወስድዎትም፤ እሑድ ነው። ለምን እንደሆነ ይናገሩ" አለች ዶብሪንካ።

ሚኖ ሲናገር ማንንም አላየም።

"ባለፈው እሑድ ይዤው ሳለሁ በሥራ መነጽሬ አየሁት። ከዚያ በፊት በእሱ አይቼው አላውቅም፤ ሜቶዲ ከእጁ አይለቀውም ነበር። ክሩ እስከ መንገዱ ግማሽ የማኅተሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከክሩ ጎን ቦይ አለ። ቀጭን ቦይ። ማኅተም ሲሰነጠቅ ክር ያወጣል እንጂ ቦይ አይቆፍርም። ቦይ የሚቆፍረው መርፌ ነው። ብረቱን ከጎን እየገፋ ከፍ አድርጎታል። እጁ ጎበዝ ነበር። እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ አልሠራም።"

ማሞቂያው ተንኳኳ። ስፓስ ፎቶውን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን አነሳ።

"ሶፊያ ቢደርስ በመጀመሪያው ቀን ያዩታል። መጽሐፉ ውስጥ ስሙ ይገባል፣ ግን ከአጭበርባሪዎቹ ተርታ። እንደዚያ ያለ ምዕራፍ አላቸው። የኔ ያው ማኅተም ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ግን አጭር ነው። ከኪሴ አይለይም፤ እናንተ ለሽኝቱ ስትጠጡ ቀየርኩት፣ ሽቦውን በጉጠቴ መልሼ ደፈጠጥኩት። እሱን ቢልኩ 'ጠርዝ አልደረሰም' ብለው ይመልሱታል። በቃ። ስም የለም፣ ውርደትም የለም። ማንም ልብ አይልም ብዬ ነበር።"

"የኔ ትላለህ" አለ ስፓስ። "ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ?"

"ቆይቷል። ላሳየው ይዤው መጥቼ ነበር። ስገባ ወንበር ላይ ቆሞ ያንን ፎቶ ይሰቅላል። 'ሚኖ፣ በዓለም ላይ አንድ!' አለኝ። ምስማሩን አቀበልኩት።"

ዶብሪንካ ሁለቱን ሳንቲሞች ጎን ለጎን አየቻቸው።

"እኔ የተጠራሁት ዕቃ ጎደለ ተብሎ ነው። አሁን ተርፏል። መትረፍ ወንጀል አይደለም።" ወደ ስላቭካ ዞረች። "ክሱን ይፈልጋሉ፣ እትዬ?"

ስላቭካ የባሏን ሳንቲም ትክ ብላ ታይ ነበር። አልነካችውም።

"እንግዲህ ዋሽቷል" አለች።

"ግማሹን" አለ ሚኖ።

"ለማን ብሎ? ለሦስት ሰው?" ተነሳች። ኮቷን ለበሰች። ከታች ጀምራ መቆለፍ ያዘች። "አትላኩት። ምንም አትላኩ። አውቶቡሱ ይሂድ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መርፌ ይስል ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።"

ማንም አልከለከላትም። በሩ ጋ ደረሰች።

ጽቬታን ያን ጊዜ ከሱሪው የኋላ ኪስ የገንዘብ ቦርሳውን አወጣ። ከቦርሳው ውስጥ የተጠቀለለ የሲጋራ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። የወጣውን ሳንቲም ከሁለቱ ጎን አስቀመጠ።

ሚኖ መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

"ቦይ የለውም" አለ። "ጠርዝ ደርሷል። ማኅተሙ ራሱ ነው። ሜቶዲ በመርፌ የሣለው መስመር… በዚያው በኩል ነው የሄደው። ሳያይ፣ በትክክል በዚያው በኩል።"

"ሊላክ ይችላል?" አለች ዶብሪንካ።

"ይችላል።"

ስላቭካ በሩን ይዛ ቆማለች። "ይህን መቼ ነው ያገኘኸው?"

ጽቬታን ጫማውን አየ።

"ተኮራርፈን በነበረ ጊዜ። ይምጣና ይለምነኝ ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ፎቶውን ሰቀለ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ሄድኩ፣ አቀፈኝ፣ ታረቅን። ታርቄ ስበቃ የኔን ላውጣበት?"

ስላቭካ ቀስ ብላ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

ስፓስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በመምህርነቱ ዘመን ድምፅ፦ "በማኅበሩ ሕግ መሠረት" ብሎ ጀመረ። ተወው። ከጃኬቱ ውስጠኛ ኪስ አንድ ካርቶን አወጣ፤ ሽቦው በመዶሻ የተደፈጠጠ። ጨርቁ ላይ አኖረው። ክሩ ጠርዝ ደርሷል።

ከዚያ ትንሽ አሰበና ሁለተኛውን አወጣ።